ነጭ ይናገራል

«ቀይ ይሁንላት።»

«ነጭ አይሻላትም?»

«ነጭ ይናገራል። ቀይ ምስጢር ይጠብቃል።»

«ታስቸግራለች እኮ።»

«መጀመሪያ ታስቸግራለች። ኋላ ትለምዳለች።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ድሮ ነው፣ ተድራ ወደ ባሏ ግቢ በገባች በወሩ። ጓዳ ውስጥ ጋደም ብላ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም ቆመው ያወራሉ። ያኔ የሁለቱ ድምፅ ከአንድ እንስራ የተቀዳ ውሃ ይመስል ስለነበር፣ ቀዩን የመረጠው የትኛው፣ ስለ ነጩ የተሟገተው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም። መሀል ላይም በር ሲጢጥ ብሎ አንድ ሁለት ቃል ዋጠባት። ያልጠፋችባት የመጨረሻዋ ቃል ናት። «ትለምዳለች።»

በዚያው ሰሞን ባሏ ሊያስደስታት ብሎ ሌላ ሰፊ ዘንድ ቀይ ቀሚስ አሰፍቶ አመጣላት። ለካ እኔን ነው፣ አለች በልቧ። ለካ ወንድማማቾቹ ቆመው የሚመክሩት እኔን እንዴት እንደሚያለምዱኝ ነው።

«ምነው አትለብሽውም?» አላት አንድ ቀን።

«ሰፋኝ።»

ልብስ ሰፊ ሆና «ሰፋኝ» ማለቷ ባሏን አሳቀው። እሷ አልሳቀችም። ቀሚሱ ሳጥን ሥር ገባ፤ ቃሏም ሆዷ ሥር ገባች። ልጆች ወለደች፣ አሳደገች፣ ዳረች። ባሏ ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ግን በተቆጣች ቁጥር ዝም ሲላት «አዎ፣ እስክለምድ እየጠበቀ ነው» ትል ነበር። አፍ አውጥታ ግን ጠይቃው አታውቅም። የምታዳምጥ እንጂ የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም። ለፈጣሪዋም ቢሆን የምትለው አጭር ነው፤ «አንተ ታውቃለህ» ብላ መርፌዋን ታነሳለች።

ግቢያቸው ከኮረብታ ግርጌ ነው። ከኮረብታው አናት ላይ አሮጌ የድንጋይ ምሽግ አለ። ያንን ሊያዩ ሰዎች ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ይመጣሉ። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ፣ የኮቴ ብዛት ያሟለጨው አቀበት ነው። ጉልበት ያለው በእግሩ ይወጣል፤ ጉልበት የሌለው፣ ወይም ጉልበቱን ለፎቶ የሚቆጥብ፣ በበቅሎ።

አብዛኞቹ በቅሎዎች የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰው ሁሉ «ሚዛኑ» ይለዋል። ጎብኚ ከአውቶቡስ እግሩን ሳያወርድ ከላይ እስከ ታች ያየውና ክብደቱን ይገምታል። «ይቺ ቅጠል ናት፣ ለግራጫው። ይሄ ግንድ ነው፣ ለሙሽሪት።» አይስትም። አንዲት በቅሎ ብቻ ያለችው፣ ክረምት ከበጋ የተሰበረ ጃንጥላ የሚይዝ ጎልማሳ አለ፤ እሱንም ሰባራው ጃንጥላ ይሉታል። እሱ ነው አንዴ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሚዛን እኮ የተጫነውን እንጂ የተሸከመውን መዝኖ አያውቅም» ያለው። ሚዛኑ ይህቺን አልረሳለትም።

ሙሽሪት የበቅሎዋ ስም ነው። ሰፊዋ በገባችበት ወር ከገበያ ተገዝታ ወደ ግቢው ገባች። ያኔ በሕይወት የነበረው አማቷ፣ «በአንድ ወር ሁለት ሙሽራ! እንግዲህ የትኛዋ ቀድማ እንደምትራገጥ እናያለን» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ስሙ በዚያው ጸና። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ጆሮዋን እንደ መቀስ የምትከፍት የምትዘጋ በቅሎ ናት። ጎብኚዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እሷን ነው።

የሰፊዋ ሥራ ግላስ መስፋት ነው። ግላስ ከኮርቻው ሥር ተነጥፎ በሁለት ጎን የሚወርደው የበቅሎ ልብስ ነው። የምትሠራበት ክፍል የግቢውን በር ይደገፋል። አንድ የእግር የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ቁራጭ ጨርቅ የሞላበት ጆንያ፣ ለወፍራሙ ጠርዝ የምትጠቀምበት ወስፌ አለ። መስኮቱ ወደ በቅሎዎቹ መቆሚያ ይከፈታል። ሁሌም የምትሰፋው ቀይ ነው። «ለፎቶ ቀይ ነው የሚያምረው» ይላል ሚዛኑ፤ እሷም አምና ትሰፋለች። የቆሸሸው ግላስ ለማጠብ ወደ እሷ ሲመጣ ባሏ ቀድሞ ገንዳው ላይ ያለቀልቀዋል። «አቧራው እንዳያስነጥስሽ» ይላታል። ከቀሚሱ ይልቅ ይህቺን ደግነቱን ትወድለት ነበር።

ታዲያ በዚህ ዓመት፣ የጎብኚው ወራት ሞቅ ሲል፣ ባሏ የሙሽሪትን ጠፍር ሲያጠብቅ በእርግጫ ብላ ጭኑን ሰበረችው። እንዲህ ያለ አመል ኖሯት አያውቅም።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሰፊዋ።

«ዝንብ ነክሷት ይሆናል» አለ ባሏ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

እሱ አልጋ ላይ ዋለ። ስለዚህ የሰሞኑን ግላስ የሚያለቀልቅ ጠፋ። ሰባራው ጃንጥላ ጆንያውን እንዳለ ተሸክሞ አመጣላት።

«እንቺ እትዬ፣ የሙሽሮችሽን ልብስ። አፍንጫሽን ያዝ አድርገሽ።»

ሳፋው ውስጥ ዘፈዘፈችው። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ውሃው ቀልቷል። «ይሄ ሌባ!» አለች። ሌባ ያለችው ጨርቅ ነጋዴውን ነው። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ሸጠልኝ ብላ፣ አንዱን እርጥብ ግላስ እንደያዘች፣ መንገዱን እያንጠባጠበች ሱቁ ሄደች።

«ደንበኛ ነኝ ብዬ ሳምንህ ቀለምህ እንዲህ ይለቃል?»

ነጋዴው ጥሩር ለብሶ እንደሚጠብቅ ሰው ነው፤ ስድብ አይገባበትም። ነጭ ጨርቅ አነሳ። ምራቁን እንትፍ አለበት። የግላሱን ዳር፣ ጭቃ ያልነካውን፣ ፈትጎ ፈትጎ አሳያት። ነጩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀጥሎ መሀሉን፣ ኮርቻ የሚያርፍበትን፣ ፈተገው። ነጩ ቀላ።

«የኔ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፣ እመቤት። ዳሩ ሳይለቅ መሀሉ አይለቅም። የለቀቀው ሌላ ነው።» ጨርቁን ወረወረላት። «ሰው ሱቅ መጥተሽ ከምትሳደቢ በቅሎሽን ሄደሽ ጠይቂያት።»

ፊቷ ላይ ሳቀባት። ሱቁ ውስጥ የነበሩትም አብረው ሳቁ። ሰፊዋ ግን ስድቡን የሰማችው ዘግይታ፣ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጆሮዋን የሞላው ሌላ ነገር ነበር። ነጭ ይናገራል። ቀይ ምስጢር ይጠብቃል።

ቀጥ ብላ ወደ መቆሚያው ሄደች። ሙሽሪት ጥላ ሥር ቆማለች። ሰፊዋ ልብሷን ሰፍታላት ኖራ ጀርባዋን ከቅርብ ገልጣ አይታው አታውቅም፤ መጫንና ማራገፍ የወንዶቹ ነው። አሮጌውን ድሪቶ ቀስ ብላ አነሳችው። ከፊሉ ተጣብቆ ነበር። ገጣባው ከትከሻዋ መጋጠሚያ ጀምሮ ወደ ኋላ የእጅ መዳፍ ያህል ሄዷል፤ ጠርዙ ደርቋል፣ መሀሉ እርጥብ ነው። በቅሎዋ አልተራገጠችም። ቆዳዋን ብቻ አንቀጠቀጠች፣ ውሃ ላይ ንፋስ እንደሚያልፍ።

በዙሪያው ደግሞ እዚህም እዚያም ነጭ ፀጉር አለ። ሰፊዋ ያን ነጭ ከመስኮቷ ስታየው «አረጀን እኮ፣ ሸበትን» እያለች ትቀልድ ነበር። ሽበት አልነበረም። የዳነ ገጣባ ሁሉ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ጥቁሩ ጀርባ ላይ የዘመኗ ቁስል ሁሉ በነጭ ተጽፎ ኖሯል።

ባሏ ዘንድ ስትገባ እጇ ገና እርጥብ ነው።

«ግላሱን እያለቀለቅክ የምትሰጠኝ ለምንድነው?»

«አቧራ…»

«አቧራ ቀይ ነው?»

ዝም አለ። እሷ ግን ዛሬ ዝምታውን አልተቀበለችውም።

«ያን ጊዜ፣ እኔ ሙሽራ ሳለሁ፣ ከወንድምህ ጋር ከግድግዳው ጀርባ ቆማችሁ። ቀይ ይሁንላት። ኋላ ትለምዳለች። ይሄ ስለ እሷ ነበር?»

ለባሏ ነገሩ ቀስ ብሎ መጣለት። ዓይኑ ተከፈተ። «አንቺ… ስለ አንቺ መስሎሽ? ይህን ሁሉ ዘመን?» ሊስቅ ሲል ጭኑ ያዘውና ጥርሱን ነከሰ። «እኛ ስለ በቅሎ ነው የምናወራው! ያን ሰሞን ኮርቻው ልኳ አልነበረም፣ ላጣት።»

«ቀሚሱስ?»

«የቱ ቀሚስ?»

«ቀዩ።»

ዓይኑን አሸሸ። «ጨርቁ ተርፎ ነው። ከግላሱ። ጥሩ ጨርቅ ነበር፣ ከሚጣል…»

ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የበቅሎ ትራፊ። በኩርፊያ ሳጥን ሥር የቀበረችው ቀሚስ የበቅሎ ትራፊ ነው። ስለ እሷ ያልተባለውን ስለ እሷ ነው ብላ ስታኮርፍ፣ የተባለባት ደግሞ መስኮቷ ሥር ቆማ ኖራለች፣ አፍ የላት።

«ለነጩ የተሟገተው ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

አየችው። «አላምንህም።»

«እንግዲያው አልልሽም።»

በዚህ መሀል ሚዛኑ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ሲገባ ሳያንኳኳ ነው፤ ቤቱም ግቢውም የሱ ነዋ።

«እንዴት ዋለ ጭንህ? ደህና። አንቺ ስሚ፣ ነገ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ነው። የሙሽሪትን ልብስ ደረብ አድርገሽ ስፊ። ወፈር ይበል፣ በጎን ወረድ ይበል። ዝንብ አበዛች፣ ሰው ማየት ጀምሯል።»

«ዝንቡን ያበዛው ልብሱ አይደለም፣ ጋሼ። ገጣባው ነው። አይተውታል?»

«አይተውታል ትለኛለች! በሬ ወለደ ብሎ ያስደነገጠሽ ማነው? በቅሎ ገጣባ ይዛ ስታይ መጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ፣ መጀመሪያዬ ነው። ደብቃችሁኝ።»

«ማን ደበቀሽ? ዓይንሽን ማን ያዘው?» አንድ እርምጃ ቀረባት። «ባለፈው አንዷ መጣች። ሙሽሪትን አንገቷን አቅፋ ትነፋረቃለች፤ አዛኝ ቅቤ አንጓች! ‹ምስኪን፣ ምስኪን› ትላለች አሉ በቋንቋዋ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ምን አለች? ጉልበቴን ያመኛል፣ እስከ ላይ ታድርሰኝ። ታዲያ እኔ ነኝ ክፉው? እኔ ብተዋት ማን ያበላታል? ለቅሶ ገብስ ይሆናል?»

«የሷ ክፋት ያንተ… የእርስዎ ደግነት አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ደግነት!» ሚዛኑ ሸሚዙን ከትከሻው ላይ ገፈፈው። ከአንገቱ ሥር ጠባሳ አለ፣ እንደ ገመድ የጠጠረ። «እዪው። በቅሎ ሳልገዛ በፊት በዚህ አቀበት ሰው በወንበር እያሰርኩ በጀርባዬ አውጥቻለሁ። ሲያመኝ ማን አለቀሰ? ለኔ ግላስ የሰፋልኝ ማን አለ? ለመድኩት። ሁሉም ይለምደዋል።»

ሰፊዋ ጠባሳውን አየችው። እውነት ነው። ሲነገር ሰምታ ታውቃለች፤ ሲታይ ግን ይከብዳል። ለአፍታ ልቧ ሊራራለት ነበር። ግን ወዲያው የውሃው ቅላት መጣባት።

«እና አንተ የቆሰልከውን በእሷ ጀርባ ላይ ነው የምትወጣው?»

ባሏ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ሚዛኑ ሸሚዙን ቀስ ብሎ መለሰ።

«‹አንተ› አልሽኝ?»

«አልኩህ። አፌ ቀድሞኝም አይደለም።»

«ጥሩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ያስፈራል። «እንግዲህ እኔም ቁርጡን ልንገርሽ። ነገ ጠዋት የሁሉም ልብስ ካልደረሰ መኪናሽን ተሸክመሽ ከዚያች ክፍል ትወጫለሽ። የባልሽንም ነገር ራስሽ እወቂበት። ሙሽሪትን ደግሞ ለድንጋይ ፈላጮቹ እሸጣታለሁ። እዚያ ቀይም ነጭም የለም። የሚሸፍናትም የሚያለቅስላትም የለም።»

ወጣ። ባሏ፣ «ምን ነካሽ? ታላቄ እኮ ነው» አላት።

«ሰፍቼ አደርሳለሁ» አለችው። «ልብስ አይደለም ያለኝ?»

ክፍሏ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ቀዩን ቀሚስ አወጣችና ከአሮጌ ግላስ ቁራጭ ጎን አስቀመጠችው። አንድ ጨርቅ ነው፣ ክሩ ሳይቀር። አጥፋ መለሰችው። ከዚያ ለእንግዳ ማረፊያዎቹ የትራስ ልብስ ልትሰፋበት ያስቀመጠችውን የአቡጀዲ ጥቅል አወረደች። ነጭ፣ ወፍራም፣ ምንም ያልተጻፈበት። «አንተ ታውቃለህ» አለችና መኪናዋን ረገጠች። እኩለ ሌሊት ላይ ጨረሰች። ቀዮቹን ሁሉ ሳፋና ባልዲ ውስጥ ውሃ አልብሳ ተኛች።

ጠዋት በቅሎ ነጂዎቹ ሲሰበሰቡ ጥቅሉን ፊታቸው ዘረገፈችው።

«ኧረ በስመአብ!» አለ ሰባራው ጃንጥላ። «ዛሬ ልንድራቸው ነው ወይስ ልንገንዛቸው?»

የሳቀ ሳቀ። ሚዛኑ አልሳቀም። «ቀዩስ?»

«ተዘፍዝፏል። እርጥብ ነው።»

«እኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

«የሁሉም ይድረስ አልከኝ። የሁሉም ደርሷል። ስለ ቀለም አልተነጋገርንም።»

ከበስተኋላ አውቶቡሶቹ ጥሩንባ ይነፋሉ። ያለ ግላስ ኮርቻ አይጫንም። ሚዛኑ ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። አንገቱ ሥር ያለው ሥር ተገተረ።

«አምጪው!» ከእጇ ነጠቃት። «ነጭም ለበሰች ቀይም ለበሰች በቅሎ በቅሎ ናት። አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትል ዘር!» ሙሽሪትን ራሱ ጫናት። ሆን ብሎም ከአውቶቡሱ ከወረዱት መርጦ ትልቁን ሰውዬ፣ ግንዱን፣ አወጣባት። ሰፊዋን እያየ ነው ጠፍሩን ያጠበቀው።

ሰልፉ ወጣ። ሰፊዋ ከግርጌው ቆማ ቀና አለች። በጠዋት ፀሐይ ነጩ ልብስ ሁሉ ከግራጫው ድንጋይ ላይ ይንቦገቦጋል። እውነትም ያምራል፤ ጎብኚዎቹ ስልካቸውን ደግነው ይስቃሉ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሙሽሪት ጎኗን ሰጠች። ከኮርቻው ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቅጠል ታህላለች። ሦስተኛው ላይ ከኋላ የምትከተለው ጎብኚ ጮኸች።

ትልቁ ሰውዬ ዘሎ ወረደ። ልብሱን ገለጡት። ስልኮቹ ሁሉ ከምሽጉ ወደ በቅሎዋ ጀርባ ዞሩ። ከዚያ እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ማየት ያዘ። የግራጫው ልብስም ተናገረ። የሌላዋም። የሰባራው ጃንጥላ በቅሎ ልብስ ግን እንደወጣ ነጭ ነው። እሱ ራሱ ማመን አቅቶት ጃንጥላውን ዘግቶ ሁለት ጊዜ ዞራት።

ጎብኚዎቹን ይዞ የሚወጣው አስጎብኚ ቋንቋቸውን እየተረጎመ፣ ቃል እያቀበለ መሀል ገባ። «ጨካኝ ነህ ይሉሃል።»

«ጨካኝስ እነሱ ናቸው በላቸው!» አለ ሚዛኑ። «እኔ የጫንኩት ማንን ነው? ድንጋይ ነው? እነሱን ነው!»

አስጎብኚው ይህን አላቀበለም። ትልቁ ሰውዬም እጁን እያወናጨፈ ብዙ ከተቆጣ በኋላ፣ ወደ ሰባራው ጃንጥላ በቅሎ ሄዶ እግሩን እርካብ ላይ አደረገ።

«አይ ጌታዬ» አለ ሰባራው ጃንጥላ፣ ልብሱ ንጹህ የሆነበትን ምክንያት በአንድ ቃል ሲናገር። «የኔዋ ግንድ አታወጣም። በእግር።»

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰፊዋን ከበቧት። ያለ ሥራ የዋለ ሁሉ መጥቷል። አንዱ እግሯ ሥር እንትፍ አለ። «ጉሮሯችንን ዘጋሽ። ለበቅሎ ያዘንሽ ለልጆቻችን የማታዝኚ!»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» አለ ሚዛኑ። «ነገ ሁሉም በቀይ። አንቺም ዛሬውኑ መኪናሽን…»

«አይሆንም» አለ አስጎብኚው ከበሩ። «ፎቶው ወጥቷል። የነገዎቹ ከአሁኑ እየደወሉ የሚጠይቁት ነጭ የለበሱትን ነው። በቀይ ብናቀርብ ምን ደበቃችሁ ነው የሚሉት።»

«እሰይ!» አለ ሰባራው ጃንጥላ። «ቀይም አፍ አወጣ በለኛ።»

የሳቀለት የለም። ሚዛኑ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጀ መሰላት። ሰፊዋ ግን ያንን እንደ ድል አልቆጠረችውም፤ ከዙሪያዋ ካሉት ፊቶች አንድም የሚወዳት አልነበረም። ባሏ እንኳ ከተኛበት በመስኮቱ ያያትና ዓይኗ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል።

«የፈለግሽው ምንድነው?» አላት ሚዛኑ።

«ሙሽሪት ዳግመኛ አትወጣም። ለድንጋይ ፈላጮቹም አትሸጥም። እዚሁ ትኖራለች።»

«ሳትሠራ እየበላች?»

«የሠራችው አነሰ? ጀርባዋን ሂድና አንብበው። ሌሎቹም የቆሰሉት እስኪድኑ ይቆማሉ።»

ሲናገር ድምፁ ውስጥ እርቅ አልነበረም፤ ነገር የሚያጠምድ ሰው ድምፅ ነው።

«ይሁን። ትቅር። ነጩም ይሁን። ግን ይህን ስሚ። ጠዋት ጠዋት፣ ኮርቻ ሳይጫን፣ በሩ ላይ ቆመሽ የእያንዳንዷን ጀርባ የምታዪው አንቺ ነሽ። ‹ይቺ ዛሬ አትወጣም› የምትይውም አንቺ ነሽ። እኔ አልልም። ልጆቹ ቤት ቁጭ ብለው የሚጠብቁት አባት ፊት ላይ አንቺ በይው። ሲሰድብሽ አንቺ ስሚው። አንድ ቀን ጠዋት ደግ መሆን ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ ደግ ሆነሽ ስትጠዪ እንይሽ።»

ወንዶቹ መልሷን ጠበቁ። ሰባራው ጃንጥላ ሊቀልድ ፈልጎ ፈገግ አለ። «የኔዋንም ታስቀሪያታለሽ፣ እትዬ? ያለችኝ እሷው ናት።»

ሰፊዋ አየችው። በዚህ ግቢ በደህና ቃል የሚያነጋግራት እሱ ብቻ ነው።

«ካየሁባት ያንተንም።»

ፈገግታው ጠፋ። ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ምነው፣ ከበደሽ?» አለ ሚዛኑ እየተነሳ። «ግድ የለም። ስድቡን ትለምጂዋለሽ።»

«አልለምደውም» አለችው። «ግን እቆማለሁ።»